የአልፕስ በሮች፦ ከአባባ ጋር ለምንሄደው ጉዞ የዝግጅት ማስታወሻ

እሑድ፣ ማርች 23

አባባ በጁላይ ሙኒክ ይመጣሉ። የቪዛው ማመልከቻ ገና አልገባም። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ካርታ ዘርግቼ መንገድ እየመረጥኩ ነው። ማስታወሻውን የምጽፈው ሥራው እንዳይዝረከረክብኝ ነው። ደግሞም ወላጁን ይዞ አልፕስን በመኪና ማቋረጥ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከየት እንደሚጀመር ያይበታል።

አባባ 74 ዓመታቸው ነው። ከ30 ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድተዋል። በኤንትሬ፣ ተሳቢ እየጎተቱ፣ አዲስ አበባ አሰብ ተመላልሰዋል። ሊማሊሞን በጭጋግ ወርደዋል። በልጅነቴ እቤታችን የሚነሳው ስም ጣርማ በር፣ ግራካሱ፣ ወልቀፊት ነበር። ቦታዎቹን ሳላያቸው ኩርባዎቻቸውን አውቅ ነበር።

አምና የስቴልቪዮን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ስቴልቪዮ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ያለ የተራራ መንገድ ነው። ተራራው ፊት ለፊት እንደተጣለ መቀነት እየተጣጠፈ ይወጣል። ማታ ደወሉልኝ። «ይህን መንገድ የቀየሰው ሰው የሹፌር ነገር ይገባዋል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከራሴ አልወጣም። ሌላ ሰው እንግዳውን ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ያሳያል። እኔ አባባን መንገድ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

መንገዱ ከተራራው ወገብ አልፎ ወደ ማዶ የሚሻገርበትን ቦታ ፈረንጆቹ በየቋንቋቸው ይጠሩታል። እኛም የራሳችን ቃል አለን፤ በር። ጣርማ በርን ያየ ሰው ቃሉ ምን ያህል ልክ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ በር እያልኩ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ካርታው ላይ 13 በሮች ከበብኩ። ግሮስግሎክነር፣ ጋርዴና፣ ሴላ፣ ፖርዶይ፣ ስቴልቪዮ፣ ቤርኒና፣ ዩሊየር፣ ኦበርአልፕ፣ ፉርካ፣ ግሪምዜል፣ ሱስተን፣ ጎትሃርድ፣ ክላውዘን። ኦስትሪያ፣ ጣሊያን፣ ስዊዘርላንድ። በሰባት ቀን። በደስታ ነው የተኛሁት።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

የዛሬው ሥራ ቀን መምረጥ ነበር። ቀላል መስሎኝ ጀምሬ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብኝ።

ከፍ ያሉት በሮች በረዶ ሲጥል ተዘግተው ይከርማሉ። ስቴልቪዮም ፉርካም ግሪምዜልም ሱስተንም እንደዚያው ናቸው። ብዙውን ጊዜ በሜይ መጨረሻና በጁን ይከፈታሉ፤ በኦክቶበርና በኖቬምበር ይዘጋሉ። የሚከፈቱበት ቀን በየዓመቱ በበረዶው ልክ ይለያያል። በሜይ ትኬት ቆርጦ መጥቶ የተዘጋ መንገድ ፊት መቆም አለ። ዩሊየርና ቤርኒና ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት እንዲሆኑ ይጠረጋሉ።

ሌላው የአባባ ጾም ነው። አባባ ጾም አይገድፉም። የሰኔ ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ይገባና ሐምሌ 5 ይፈታል። በፈረንጅ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በሁለቱ መሀል ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል አለ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀራሉ። በሮቹም በዚያን ጊዜ ክፍት ናቸው። ሁለቱን የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት ደስ አለኝ፤ ለኛ ተብሎ የተተወ ክፍተት ይመስላል።

ሦስተኛው የሳምንቱ ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ መንገዱ በሞተር ሳይክልና በብስክሌት ይሞላል። ስለዚህ ሰኞ ጁላይ 14 ተነስተን ቅዳሜ 19 እንመለሳለን። ታዋቂዎቹ በሮች በሥራ ቀን ይውላሉ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ለአባባ ደውዬ ዕቅዱን በኩራት አነበብኩላቸው። 13ቱንም በር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

«ማነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሺ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ?»

አላሰብኩበትም ነበር። ሩብ ሰዓት አልኩ።

«መኪናው ሳይበርድ? አንቺስ ሻይ ሳትጠጪ? ልጅቷስ?»

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፤ ኩርባ ላይ ያቅለሸልሻታል። እሱንም አላሰብኩበትም።

«ዳገቱን ሁሉም ሰው ይወጣዋል ልጄ። ዕቅድ የሚያስፈልገው ለቁልቁለቱ ነው። በየት በየት እንደምትወርጂ ንገሪኝ።»

ይህን ሊመልስ የሚችል ነገር ወረቀቴ ላይ አልነበረም። የጻፍኩት የጫፎቹን ከፍታ ብቻ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሁሉንም እንደገና በቁልቁለት ቆጠርኩት። ከየትኛው በር በየት በኩል፣ ስንት ሜትር፣ በስንት ኪሎ ሜትር። ከዚያ የሰዓት ስሌቱን። ተራራ ላይ በአማካይ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ከሄድን ጥሩ ነው። የስልኩ ካርታ የሚሰጠው ሰዓት አዛውንትና ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው አይሆንም። እኔ አንድ ሦስተኛ ጨመርኩበት። 13ቱ በሮች በየቀኑ አሥር ሰዓት መንዳት ሆነው ወጡ።

ስለዚህ መቁረጥ ጀመርኩ። የዶሎሚቲ ሦስቱ፣ ጋርዴና፣ ሴላና ፖርዶይ፣ ለሌላ ዓመት። ክላውዘንና ጎትሃርድም ቀሩ።

ግሮስግሎክነርን መሰረዝ ከበደኝ። በ1935 የተከፈተ የኦስትሪያ መንገድ ነው። 48 ኪሎ ሜትር፣ 36 ትላልቅ ኩርባ። ከፍተኛው ማለፊያ ሆኽቶር 2,504 ሜትር ላይ ነው። ፍራንስ ቫላክ የሚባል መሐንዲስ የቀየሰው፣ ሲጀመርም ሰው አይቶ እንዲደሰትበት ታስቦ የተሠራ መንገድ ነው። ግን ያለው በምሥራቅ ነው፤ የተቀሩት በምዕራብ። ለእሱ ሲባል ሁለት ቀን መጨመር አለበት። ሰረዝኩት።

ስለ ከፍታውም ጠይቄያቸው ነበር። 2,757 ሜትር ላይ ትንፋሽ እንዳያጥራቸው ፈርቼ። «ደብረ ብርሃን ስንት ነው?» አሉኝ። ፈለግሁ። ወደ 2,840 ነው። የተወለዱባት ከተማ ከስቴልቪዮ ጫፍ ትበልጣለች። አዲስ አበባ ያለው ቤታቸውም ከ2,300 በላይ ነው። ከፍታው የሚያሰጋው እኛን፣ 520 ሜትር ላይ የምንኖረውን የሙኒክ ሰዎች ነው።

ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «ታኮ አለሽ?» አሉ። ጎማ ሥር የሚደረገውን ማለታቸው ነው። የእጅ ፍሬን አለው አልኳቸው። ምንም አልመለሱም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኩ። የ2014 ፓሳት ናት፣ ናፍጣ፣ ባለ ማርሽ። መካኒኩን ከምንም በፊት የፍሬን ዘይቱን እንዲያይልኝ ነገርኩት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። ያኔ ፍሬኑን ስትረግጡት እግራችሁ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው። የእኔ አራት ዓመት ሆኖታል። ደነገጥኩ። በየቀኑ ልጄን ይዤባት የምሄድባት መኪና ናት።

የፊት የፍሬን ሸራዎቹም አልቀዋል። ሸራውም ዘይቱም ተቀየረ። ጎማዎቹ ደህና ናቸው።

ማታ ባለቤቴ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። ከነሰውና ከነሻንጣው 1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከኡምብራይል በር እስከ ሳንታ ማሪያ መንደር 1,126 ሜትር ቢወርድ ምን ያህል ሙቀት መጥፋት እንዳለበት አሰላ። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ከ60 ሊትር በላይ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሞተሩ ካልያዘው፣ የነፋሱም እገዛ ትንሽ ከሆነ፣ ያ ሁሉ አራት ዲስኮች ላይ ነው የሚወድቀው። የድስት ምሳሌ ሲሆን ሁሉም ነገር ገባኝ። የአባባ ጥያቄም ገባኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

አዲሱ መንገድ አለቀ። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ። ሦስት በር ያለባቸው ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው።

ሰኞ ከሙኒክ ተነስተን በጋርሚሽ፣ በፈርን በር፣ በላንዴክ አድርገን ሬሸን እንወጣለን። ሬሸን 1,507 ሜትር ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን እጅ ማሟሻ። ማዶው ጣሊያን ነው። እዚያ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ መሀል የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ብቅ ብሎ ይታያል። በ1950 ግድብ ሲሞላ ግራውን የሚባለው መንደር ሰጥሞ የቀረው ማማ ነው፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። አባባ እዚያ ጋ ረጅም ጊዜ እንደሚቆሙ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ይዤለታለሁ። አዳር ፕራቶ፣ ከስቴልቪዮ እግር ሥር።

ማክሰኞ ስቴልቪዮ። ይህን በጥንቃቄ ነው ያቀድኩት። መንገዱን ካርሎ ዶኔጋኒ የሚባል መሐንዲስ ከ1820 እስከ 1825 ለኦስትሪያ መንግሥት ሠራው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማስጎተት መንገድ ካስጠረጉበት ጊዜ 40 ዓመት ያህል ይቀድማል። ሁለቱንም የሠራው የሰው ጉልበትና ድንጋይ ነው። ከፕራቶ በኩል 48 ኩርባዎች አሉት። እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከታች በ48 ተጀምሮ ጫፉ ላይ በ1 ያልቃል። ልጄ ጮክ ብላ እየቆጠረች እንድትወጣ ተነጋግረናል። ዓይኗ ከመንገዱ ካልተነቀለ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል።

መነሻችን በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በጁላይ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ነጎድጓድና ዝናብ ይበዛል። ብስክሌተኛውና ሞተረኛውም ያኔ ሞልቷል። እስከ 3 ሰዓት ጫፉ ላይ ሆነን ሻይ መጠጣት እፈልጋለሁ።

መውረጃውን ሦስት ጊዜ ቀያይሬዋለሁ። በመጀመሪያ ወደ ቦርሚዮ ነበር። አሁን ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው በኡምብራይል በር ነው። 2,501 ሜትር ነው፤ አስፋልት ካላቸው የስዊዘርላንድ በሮች ከፍተኛው። መንገዱ ጠበብ ይላል፣ ግን ሰው ይቀንሳል፤ ቀስ ብሎ ለሚወርድ ሰው ከኋላ ጡሩንባ የሚነፋ አይበዛበትም። በዚያ ላይ ወደ ሙስታይር ያደርሰናል።

ሙስታይር ለእኔ የዚህ ጉዞ ልብ ነው። ትንሽ መንደር ናት፤ የቅዱስ ዮሐንስ የሴቶች ገዳም አለባት። ግድግዳው በ800 ዓ.ም. ገደማና ከዚያ በኋላ በተሳሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። አባባ ጎንደር ባደሩ ቁጥር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳይሳለሙ አይወጡም ነበር። ከ1,200 ዓመት በፊት የተሳለ ቅዱስ ፊት ሲቆሙ አጠገባቸው መሆን እፈልጋለሁ። ለዚህ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኦፈን በር፣ 2,149 ሜትር፣ በ1914 በተመሠረተው ብሔራዊ ፓርክ መሀል አልፈን ጸርኔዝ እናድራለን።

ረቡዕ መኪናዋ ትቆማለች። ቤርኒናን በቀዩ ባቡር እንወጣለን። ሹፌር ማረፍ አለበት፤ ይህ የአባባ ሕግ ነው። ሐሙስ በዩሊየር ወደ ኩር፣ ከኩር በራይን ሸለቆ ሽቅብ ወደ ኦበርአልፕ፣ አዳር አንደርማት።

ዓርብ ትልቁ ዙር። ከአንደርማት ፉርካ፣ 2,429 ሜትር። ከፉርካ ወደ ግሌች፣ ከግሌች ግሪምዜል፣ 2,164። ከግሪምዜል ወደ ኢነርትኪርኸን፣ ከዚያ ሱስተን ወጥተን ቫሰን ላይ ወርደን ወደ አንደርማት። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰጥቼዋለሁ። አየሩ ከከፋ ሱስተንን ትተን በመጣንበት እንመለሳለን። ፉርካ ከተዘጋ ደግሞ ከሪያልፕ ኦበርቫልድ መኪና የሚጭን ባቡር አለ፤ ተራራውን 15 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዋሻ ያቋርጣል።

አንድ ነገር ካርታው ላይ ሳገኝ ብድግ ብዬ ባለቤቴን ጠራሁት። ሬሸን አጠገብ የሚመነጨው አዲጄ ወደ አድሪያቲክ ይወርዳል። ጸርኔዝን የሚያልፈው ኢን ከዳንዩብ ተቀላቅሎ ጥቁር ባሕር ይገባል። ኦበርአልፕ አጠገብ ራይን ይነሳል፤ ወደ ሰሜን ባሕር ነው። ግሌች ላይ ከበረዶው ግግር ሮን ይወጣል፤ ሜድትራንያን ድረስ ይሄዳል። በአምስት ቀን አራት ባሕር የሚሄድ ውሃ እንሻገራለን። ልጄ አራት ትናንሽ ጠርሙስ አዘጋጅታለች። አባባ ሲሰሙ ያነሱት ግሽ ዓባይን ነው። «እዚያም ጠበል ይሆን?» አሉኝ። ሮን ሲወለድ ጠበል የለውም። በየበጋው ግን የበረዶውን ጫፍ ቶሎ እንዳይቀልጥ በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል። ይህን ስነግራቸው «ገነዙት በይኛ» አሉ። ከዚያ በኋላ ጨርቁን በሌላ ቃል ልጠራው አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

የከፋ ሳምንት። አንደርማት የያዝኩት ማረፊያ ገንዘብ የማይመለስበት ነበር። ርካሽ ስለሆነ ቸኩዬ ከፈልኩ። የአባባ የቪዛ ቀጠሮ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ስፖንሰር ለመፈረም ራሱ ዘግይቼ ነበር። መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ አልጋ። ለሚቀጥለው ሰው ይህን በቀይ ጻፉልኝ።

የጀርመን የሸንገን ቪዛ ካለ ለኦስትሪያም ለጣሊያንም ለስዊዘርላንድም ይሠራል። የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። እኔ በሸንገን አገሮች ሁሉ እንደሚሠራ በጽሑፍ አረጋግጫለሁ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሕክምና ውድ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ቪዛው ወጣ! እልል ብያለሁ፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ከደስታው በኋላ የመንገድ ሕግ አነበብኩ። የስዊዘርላንድ አውራ ጎዳና ላይ ለመሄድ ቪኜት የሚባል የመንገድ ክፍያ ምልክት ያስፈልጋል። 40 ፍራንክ ነው፤ የዓመት ብቻ ነው ያለው፤ አሁን በኢንተርኔትም ይገዛል። በሮቹ ላይ አያስፈልግም፤ እኛ የምንገዛው ለቅዳሜው መመለሻ ነው። ለኦስትሪያ የአሥር ቀን ይበቃል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ነው፤ ጣሊያንም ከከተማ ውጭ እንደዚያው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለሁላችንም ገዛሁ፤ የሚቀመጠው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ሁለት ነገር ከሁሉ በላይ ልብ አልኩ። ጠባብ ቁልቁለት ላይ ሁለት መኪና ከተፋጠጠ፣ በደንቡ ወደ ኋላ የሚመለሰው የሚወርደው ነው። የሚወጣው ገለል የሚልበት ቦታ አጠገቡ ካለ ግን እሱ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ኋላ መንዳት መለማመድ አለብኝ። ሁለተኛው የፖስታ አውቶቡስ ነው። ሰማያዊ ምልክት ላይ ቢጫ ቀንድ ከተሳለ መንገዱ የተራራ ፖስታ መንገድ ነው፤ የቢጫው አውቶቡስ ሹፌር ያዘዘውን መፈጸም አለባችሁ። ከኩርባው በፊት በሦስት ድምፅ ይነፋል። ሲሰማ መቆም፣ ሰፋ ያለ ቦታ መስጠት። ለአባባ ስነግራቸው ደስ አላቸው። ጣርማ በር ላይ እሳቸውም እንደዚያው እየነፉ ነው ሲያልፉ የኖሩት።

ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የበሮቹን ካሜራ አያለሁ። መንገዱ ጥቁር ነው፤ ዳርና ዳሩ ገና በረዶ አለ። የጀርመኑ የመኪና ማኅበር፣ አዳክ፣ የትኛው ክፍት የትኛው ዝግ እንደሆነ ይዘረዝራል።

እሑድ፣ ጁላይ 6

አባባ ሐሙስ ገቡ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ኬሰልበርግ ወጣን። ከሙኒክ በስተደቡብ፣ ከኮኸል ወደ ቫልኸን ሐይቅ የሚሻገር አጭር ዳገት ነው። 858 ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ኩርባው እውነተኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሽቅብ መውጣት ለሞተር ሳይክል ስለተከለከለ ለልምምድ ይመቻል።

አባባ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎኔ ተቀመጡ። ስንወጣ አልተናገሩም። ስንወርድ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጥ ነበር። የሌለ ፍሬን። እኔም አየሁ፤ እጄ ላበው።

ታች ስንደርስ አቁሚ አሉኝ። ወርደው የፊት ጎማው ጋ አጎነበሱ። መዳፋቸውን ቸርኬው አጠገብ፣ ሳይነኩ፣ ዘረጉ። ወዲያው መለሱት። «ይሸትሻል?» አሉ። ሸተተኝ፤ የሚቃጠል ነገር። አዲስ ሸራ ነው፣ አዲስ ዘይት ነው። ጥፋቱ የእግሬ ነው።

«ፍሬን ላይ ተኝተሻል» አሉኝ። አልተቆጡም። «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ኩርባው ሳይመጣ ቀንሺ፣ ከዚያ ልቀቂ። ጫን አድርገሽ ያዢና ልቀቂ። እየዳበሽ አትውረጂ።»

መኪናዋ እስክትበርድ ግማሽ ሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ዳቦ ቆሎ በላን። ልጄ ድንጋይ ትወረውራለች። አባባ የአባይ በረሃን አነሱ፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ እንዴት በ2ኛ ማርሽ እንደሚወርዱ፣ ረዳቱ በየስንት ኪሎ ሜትሩ ወርዶ ጎማ እንደሚዳብስ። እኔ ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለሥራ ብዬ ያዳመጥኩት ዛሬ ነው።

እንደገና ወጣን። በ2ኛ ማርሽ ወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ ተውኩት። ከኋላዬ ሁለት መኪና ተከማቸ፤ ሰፊ ቦታ ላይ ጠቁሜ አሳለፍኳቸው። ታች ስንደርስ አባባ እንደገና ወርደው መዳፋቸውን ዘረጉ። ይህን ጊዜ እጃቸው እዚያው ቆየ። ሲመለሱ ቀበቶአቸውን አሰሩና መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ከእንግዲህ እኔ አገር አያለሁ» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ እግራቸው ወለሉን አልረገጠም። ኦበርአልፕ ድረስ ልነዳ እችላለሁ ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 13፣ ማታ

ትናንት ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ነበር። ዛሬ እየጫንን ነው።

ሁሉም ማረፊያ ማብሰያ ያለው ነው፤ ለረቡዕና ለዓርብ ሽሮና ክክ ይዘናል። ቆሎ፣ በሶ፣ ሁለት ፔርሙስ። ወፍራም ልብስ ለአራት ሰው፤ ጫፉ ላይ በጁላይም በረዶ ሊጥል ይችላል። የካርታው ወረቀት፣ ምክንያቱም ገደል ሥር ስልክ ይጠፋል። የልጄ አራት ጠርሙስ። ለማስታወክ የሚሆን ከረጢት፣ ከኋላ ወንበር ኪስ። በየቀኑ የምንወርድበት ቁልቁለት የተጻፈበት ወረቀት ከመሪው አጠገብ ተለጥፏል። ሰዓቱን በኛም በፈረንጅም ጻፍኩት፤ ባለፈው ጊዜ አባባ የ6 ሰዓቱን መነሻ ምሳ ሰዓት ነው ብለው ነበር።

የዛሬ ማታ ትንበያ ለማክሰኞ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ ይላል። ዕቅዱ አይቀየርም።

ሻንጣዎቹን ከጫንኩ በኋላ አባባ ከክፍላቸው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። የወይራ እንጨት ነው። አንድ ወገኑ ተጠርቦ ቀጥኗል፣ ሌላው ወፍራም ነው። ጥግ ጥጉ በጎማ ተበልቷል፣ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። የኤንትሬዋ ታኮ። ከአዲስ አበባ ሻንጣቸው ውስጥ አምጥተውታል።

ተቀብዬ ከሻንጣዎቹ ሥር፣ ከሦስት ማዕዘኑ ምልክት አጠገብ አስገባሁት።

«ከላይ ይሁን» አሉ። «በተፈለገ ጊዜ ሻንጣ ልታወርጂ ነው?»

ሻንጣዎቹን አወረድኩና እንደገና መጫን ጀመርኩ።